ሽለምጥማጥ ያልገባበት የዶሮ ቤት

ከሚዛን አማን እስከ ቴፒ፣ ከቡናውና ከእንሰቱ ጓሮ ጎን በሽቦና በጣውላ የተሠራ የዶሮ ቤት ማየት እየተለመደ መጥቷል። «የሌማት ትሩፋት» በ2015 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ ዶሮ ከጓዳ ወግ ወጥቶ የመንግሥት ሪፖርት ርዕስ ሆኗል። ወጣቶች በማኅበር፣ እናቶች በብድር፣ ጡረተኞች በቁጠባቸው ቄብ ዶሮ እየገዙ ያስገባሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚከፍለው፤ እንቁላል ግን በየሳምንቱ ሳንቲም ያመጣል።

የዶሮ ቤቱ ለምን እንደሚሠራ ለማንም ግልጽ ነው። በዚያ አገር ጫካው ከቤት ሩቅ አይደለም። ቀን ጭልፊት አለ፤ ሌሊት ሽለምጥማጥ አለ። ስለዚህ ሽቦው ይጠብቃል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ በሩ ማታ ይቆለፋል። በማግስቱ ጠዋት በሩ እንደተቆለፈ፣ ሽቦውም እንዳልተነካ ነው። ውስጥ ግን አንዲት ዶሮ ከኋላዋ ተበልታ ሞታለች። ሁለት ሦስቱ ጀርባቸው ተላጭቶ ቆዳቸው ቀልቷል። አንዷ ጥግ ላይ ራሷን ቀብራ ቆማለች።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ሁልጊዜ ሽለምጥማጡ ላይ ነው። ቀጥሎ በሽታ ይጠረጠራል። ከዚያ «ይሄ የፈረንጅ ዝርያ ክፉ ነው» ይባላል። መጨረሻ ላይ አፏ ደም የነካ አንዲት ዶሮ ትያዝና ጥፋተኛ ተብላ ትታረዳለች። በሳምንቱ ሌላ ዶሮ ሞታ ትገኛለች።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሃያ አምስት ዶሮ በብድር ያስገባች ሴት አምስት ቢሞቱባት፣ የሀብቷን አንድ አምስተኛ አጣች ማለት ነው። አንዲት ዶሮ በዓመት 200 እንቁላል ብቻ ትጥላለች ተብሎ ቢታሰብ እንኳ በዓመቱ የቀረው 1,000 እንቁላል ነው። የተረፉትም በድንጋጤ እንቁላል ይቀንሳሉ፤ ላባቸው የረገፈው ደግሞ ሰውነታቸውን ለማሞቅ ብዙ መኖ ይፈጃሉ። ብድሩ ግን አይቀንስም። ብዙ የዶሮ ቤቶች ባዶ ቀርተው የማገዶ ማስቀመጫ የሚሆኑት በፈንግል ብቻ አይደለም። በመናቆርም ነው።

ሦስት የተለያዩ ነገሮች፣ አንድ ስም

«መናቆር» የሚለው ቃል ለፖለቲከኛውም ለጎረቤቱም ይነገራል። ከዶሮ የመጣ ቃል ነው፤ አንዱ አንዱን መንቆር ማለት ነው። ዶሮ ቤት ውስጥ ግን በዚህ አንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። መድኃኒታቸውም ይለያያል።

አንደኛው የማዕረግ ንቁሪያ ነው። ቶርሌፍ ሺልደሩፕ ኤበ የተባለ ኖርዌያዊ ከልጅነቱ ጀምሮ የቤታቸውን ዶሮዎች ሲመለከት ኖሮ፣ በ1921 እ.ኤ.አ. ያየውን በጥናት አሳተመ። ዶሮዎች ተራ አላቸው። ማን ማንን እንደሚነቁር፣ ማን ቀድሞ ከመኖው እንደሚበላ፣ ማን የቆጡን ጥሩ ቦታ እንደሚይዝ በመካከላቸው ይታወቃል። ይህ ንቁሪያ የሚያርፈው ራስ ላይ፣ በተለይ አናት ላይ ባለው ቀይ ሥጋ ላይ ነው። አጭር ነው፤ የተነቆረችው ፈቀቅ ትላለች፣ ነገሩ ያበቃል። ተራው አንዴ ከተያዘ ሰላም ያመጣል እንጂ ጦርነት አያመጣም። ጦርነት የሚሆነው ፈቀቅ የምትልበት ቦታ ሲጠፋ ነው።

ሁለተኛው ላባ መንቀል ነው። ይህ ጀርባ ላይና ጅራት ሥር ያርፋል። የሚገርመው፣ ቁጣ የለበትም። ዶሮ ከንጋት እስከ ምሽት መሬት ስትጭር፣ ስትለቅም፣ ስትነቁር የምትውል ፍጥረት ናት። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። የሚጫር መሬት ስታጣ ንቁሪያው አይቆምም፤ ወደ ጎረቤቷ ላባ ይዞራል። ላባ የምትነቅል ዶሮ ሥራ የፈታች ዶሮ ናት ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የተራበች ናት። በሆዷ መኖ ቢሞላም የሥጋ መገንቢያው የጎደላት ዶሮ ላባ ትበላለች።

ሦስተኛው እርስ በርስ መበላላት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው። ላባ ሲነቀል ቆዳ ይደማል፤ ዶሮ ደግሞ ቀይ ነገር ይስባታል። ሌላው መነሻ የእንቁላል መውጫ ነው። አንዲት ቄብ የመጀመሪያዋን ትልቅ እንቁላል ስትጥል ውስጧ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ብርሃን በበዛበት፣ መደበቂያ በሌለበት ቦታ ከጣለች ሌሎቹ ያዩታል፤ አንዷ ትነቁራለች፤ ከዚያ ሁሉም ይረባረባሉ። ይህን ያየች ሌላ ዶሮ ትማራለች። ስለዚህ በአንድ ቀን ያልተገታ ነገር በሳምንት ልማድ ይሆናል።

ሦስቱን ለይቶ ማየት አስቸጋሪ አይደለም። ቁስሉ የት ነው? ራስ ላይ ከሆነ የቦታና የመኖ ማነስ ወይም አዲስ የገባ ዶሮ ጉዳይ ነው። ጀርባና ጅራት ላይ ከሆነ የሥራ መፍታትና የመኖ ጥራት ጉዳይ ነው። ከኋላ ከሆነ የእንቁላል መጣያውንና የብርሃኑን ነገር ማየት ያስፈልጋል።

ዝናቡ፣ በቆሎውና የለቀማው ወር

የደቡብ ምዕራቡ ቡና አገር ለዚህ ችግር የራሱ ምክንያቶች አሉት።

ዝናቡ የመጀመሪያው ነው። በሚዛንና በቴፒ ዝናብ የሁለት ወር ወግ አይደለም፤ የዓመቱን ብዙውን ክፍል ይይዛል። ሜዳ ላይ የሚውሉ ዶሮዎች ሲዘንብ ወደ ቤት ይገባሉ፤ መሬቱ ጭቃ ሲሆን ጭራሹን አይለቀቁም። ለመኝታ ብቻ የተለካ ቤት የቀንና የሌሊት መኖሪያ ይሆናል። ወለሉ ሲርስ ኩሱ ይሸታል፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ቴፒ ደግሞ ዝቅተኛና ሞቃት ነው። ሙቀት፣ እርጥበትና መጨናነቅ ሲገናኙ ዶሮ ትቆጣለች።

ሁለተኛው መኖ ነው። የተመጣጠነ የዶሮ መኖ ከሩቅ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ ዋጋው ከመንገዱ ጋር ይጨምራል። አርቢው ሲያቅተው ወደ በቆሎ ይመለሳል። በቆሎ ጉልበት ይሰጣል፤ ያለው ፕሮቲን ግን 8 ወይም 9 በመቶ ገደማ ነው። እንቁላል ጣይ ዶሮ የምትፈልገው 16 በመቶ አካባቢ ነው። ለአበሻ ዶሮ ልዩነቱን ሜዳው ይሞላላታል፤ ትል፣ ምስጥ፣ ቅጠል ትለቅማለች። ቤት የተዘጋባት ዶሮ ግን ልዩነቱን የምትሞላበት አንድ ነገር ብቻ አላት፤ የጎረቤቷ ላባ። የጨው ማነስም ይህንኑ ያባብሳል።

ሦስተኛው የሰው ጉልበት ነው። ቡና በሚለቀምበት ወቅት ቤተሰቡ በሙሉ ከንጋት ጀምሮ ቡና ውስጥ ነው። ዶሮዎቹ ጠዋት አንዴ መኖ ይጣልላቸውና እስከ ማታ ማንም አያያቸውም። ጠንካሮቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጨርሱታል፤ ደካሞቹ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆድ ይውላሉ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ደም ስትታይ የሚደርስ ሰው የለም።

ስለዚህ «ዝርያው ክፉ ነው» የሚለው ፍርድ ከእውነቱ ግማሹን እንኳ አይይዝም። በዝርያዎች መካከል የጠባይ ልዩነት መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ያችው ሳሶ ወይም ቦቫንስ ብራውን ሰፊ፣ ደረቅና የሚጫር ነገር ያለበት ቤት ስትገባ ሌላ ዶሮ ትመስላለች።

ብቻውን የሚኖርና ከሌላ ጋር የሚኖር

ከመድኃኒቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይቀድማል። ይህ እንስሳ በተፈጥሮው ከሌላ ጋር ይኖራል ወይስ ብቻውን?

የጅማና የከፋ አካባቢ ሰዎች መልሱን ከጥርኝ ዘንድ ያውቁታል። ዝባድ ለሽቶ ንግድ ከጥንት ጀምሮ ከዚህ አገር ይወጣ ነበር። ጥርኝ አርቢ ሁለት ወንድ ጥርኝ በአንድ ኬጅ አያስገባም። ለእያንዳንዱ የራሱ ጠባብ ኬጅ ይሠራለታል። ጥርኝ በዱር ብቻውን ይሄዳል፤ ዝባዱን ግንድ ላይ የሚቀባው ለሌላው ጥርኝ መልእክት ለመተው ነው። ዓለም በውድ የገዛው ሽታ ጥርኞች ሳይገናኙ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነበር። ነጥሎ ማስቀመጡ ድብድቡን ያስቀራል፤ ያ ጠባብ ኬጅ ለእንስሳው ምን ያህል ስቃይ እንደሆነ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው።

በውጭ አገር ልጆች የሚያሳድጉት ሀምስተር የሚባል ትንሽ አይጥ መሰል እንስሳም እንደዚሁ ነው። እስራኤል አሃሮኒ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ በ1930 እ.ኤ.አ. ከሶርያ ሀለብ አካባቢ አንዲት እናት ከ11 ግልገሎቿ ጋር አስቆፍሮ አወጣ። እናቲቱ ሳጥን ውስጥ ስትገባ ወዲያው የገዛ ግልገሏን ገደለች። ዛሬ በየቤቱ ያለው የሶርያ ሀምስተር በአብዛኛው የዚያች እናት ዘር ነው። አድጎ ከሌላ ጋር በአንድ ኬጅ ሲገባም ይጋደላል። የዚህ መፍትሔ አንድ ነው፤ ሁለት ኬጅ።

ዶሮ ግን ከእነዚህ ወገን አይደለችም። ዘሯ ከእስያ ጫካ የመጣ፣ አንድ አውራና ጥቂት ሴቶች በቡድን የሚኖሩበት ወፍ ነው። ብቻዋን የተዘጋባት ዶሮ ትጨነቃለች። ስለዚህ ዶሮን ለያይቶ ማሰር መልስ አይሆንም። መልሱ አብረው የሚኖሩበትን ቤት ማስተካከል ነው።

ምን ይደረግ?

ደም በታየበት ሰዓት የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ የቆሰለችዋን ወዲያው ማውጣት። ቁስሏ ይጠረግና ጂቪ የሚባለው ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት ይቀባል፤ ቀለሙ የደሙን ቅላት ስለሚሸፍን ሌሎቹን አይስብም። የሞተች ካለች ለደቂቃም ውስጥ አትቆይም።

የቆሰለችዋን ማራቅ ግን አንድ አደጋ አለው። ከሳምንት በኋላ ስትመለስ እንደ እንግዳ ነው የምትታየው፤ ተራዋን አጥታለች። ስለዚህ ከተቻለ እዚያው ቤት ውስጥ በሽቦ ተከልላ፣ እያየቻቸውና እያዩዋት ብትድን ይሻላል። ነቋሪዋ አንድ ብቻ መሆኗ በዓይን ከተረጋገጠ ደግሞ ለጥቂት ቀናት የምትወጣው እሷ ናት። ስትመለስ ዝቅ ያለ ተራ ይጠብቃታል፤ ብዙ ጊዜም ትበርዳለች። ማረድ የመጨረሻው ነው።

ከዚያ ወደ ቤቱ ነው መዞር። አንድ ካሬ ሜትር ወለል ለአምስት ወይም ለስድስት እንቁላል ጣይ ዶሮ ነው የሚበቃው። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ ቤት ሃያ አምስት ዶሮ ማስገባት ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ከአሥራ ሁለት በላይ ማስገባት ነው። ያ ቤት ጠብን ራሱ ይፈለፍላል። ገንዘብ ከጠበበ ቤቱን ከማስፋት ዶሮውን መቀነስ ይቀልላል። አሥራ ሁለት ጤነኛ ዶሮ ሃያ አምስት ከተላጩ ዶሮዎች ይሻላል።

የመኖ ገንዳው ለእያንዳንዷ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይስጥ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መብላት ይቻላቸው። አንድ ትልቅ ገንዳ ከሚሆን ሁለት ሦስት ትንንሽ ገንዳ በተለያየ ጥግ ማስቀመጥ ይመረጣል፤ አንዲት ጉልበተኛ ሁለት ቦታ መቆም አትችልም። ቆጥ ይሠራ፤ ደካማዋ የምትሸሽበት ከፍታ ያስፈልጋታል። ለአምስት ዶሮ አንድ የእንቁላል መጣያ ሳጥን ጨለም ባለ ጥግ ይቀመጥ።

ወለሉ ላይ ደረቅ ጭድ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ይነጠፍ፤ ሲርስ ይቀየር። ከመኖው ጥቂት ፍሬ በየጊዜው በጭዱ ላይ ይበተን፤ ጭረው ይፈልጉት። አንድ እቅፍ ጎመን ወይም ሌላ ለምለም ቅጠል በገመድ ታስሮ በአፋቸው ልክ ይንጠልጠል። ይህ ብቻውን የስንቱን ጀርባ እንዳተረፈ ያደረገው ያውቃል። በቆሎው ላይ የኑግ ፋጉሎ ወይም ሌላ ፕሮቲን ይጨመር፤ ጨውም አይረሳ። በለቀማው ወር መኖው አንዴ ከሚጣል ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ተከፍሎ እንዲሰጥ ቤት የሚቀር ልጅ ወይም አዛውንት ይመደብ።

አውራ ዶሮ በዝቶ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። አብረው የተፈለፈሉ አውራዎች እስኪጎለምሱ ይቻቻላሉ፤ ከዚያ በኋላ አይቻቻሉም። ትርፉ ለበዓል ገበያ ይሂድ። አዲስ ዶሮ ሲገዛ ደግሞ በመጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል ለብቻው ይቆይ፤ ፈንግል ይዞ እንዳይገባ። ቀጥሎ በሽቦ ተለይቶ ለጥቂት ቀን ይተያዩ። ሲቀላቀሉም አንዲትን ብቻዋን ሳይሆን ሁለት ሦስት አድርጎ፣ በቁመት ተመጣጣኝ የሆኑትን፣ ማታ ቆጥ ላይ ካረፉ በኋላ ማስገባት ነው።

አንዳንዱ አፋቸውን መቁረጥን እንደ አቋራጭ ያየዋል። በትላልቅ ማስፈልፈያዎች በመሣሪያ ይሠራል። ነገር ግን የዶሮ አፍ ጫፉ ሕይወት አለው፤ ያማታል። ኖርዌይና ስዊድን ከከለከሉት ቆይተዋል። ቤት ውስጥ በቢላ ወይም በጋለ ብረት መሞከር ደግሞ ጭካኔ ነው፤ መንስኤውንም አያጠፋም። ጠባብ ቤት ውስጥ አፏ የተቆረጠ ዶሮ አሁንም ጠባብ ቤት ውስጥ ያለች ዶሮ ናት።

ሰፊ ቦታ ብቻውንም ተአምር አይሠራም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባዶውን የሽቦ ኬጅ ሲያግድ፣ ብዙ አርቢዎች በሺህ የሚቆጠሩ ዶሮዎችን በአንድ አዳራሽ ለቀቁ። በአንዳንዱ ቦታ ላባ መንቀሉ ባሰ። ዶሮ በሺህ መካከል ተራ መያዝ አትችልም፤ ሥራ ካጣችም አዳራሹ ቢሰፋ አይጠቅማትም። ቦታ፣ ሥራና መጠነኛ ቡድን አብረው ሲሄዱ ነው ነገሩ የሚበርደው።

ምርጧ ዶሮ

በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ሙር የተባለ የዘር ተመራማሪ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራው ሥራ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የቆየው ዘዴ ብዙ እንቁላል የጣለችውን ነጠላ ዶሮ መርጦ ማራባት ነበር። ሙር ግን ነጠላዋን ትቶ ኬጁን መረጠ፤ በአንድነት ጥሩ የኖረውንና ጥሩ የጣለውን ቡድን በሙሉ አራባ። በጥቂት ትውልድ ውስጥ በቡድን ኬጅ ውስጥ ያለው ዓመታዊ ሞት ከ68 በመቶ ወደ 9 በመቶ ገደማ ወረደ።

ትርጉሙ ቀላል ነው። ነጠላዋ «ምርጥ» ዶሮ ምርጥ የሆነችው አንዳንዴ ሌሎቹን ከመኖ እየገፋች ነው። የእሷን ልጆች በአንድ ቤት ማጎር የገፊዎች ቤት መሥራት ነው።

ይህን ሁሉ ስለ ሌላ ጉዳይ እንደተጻፈ አድርጎ የሚያነብ አይጠፋም። የወቅቱ ወሬ ያንን ይጋብዛል። ግን ሰው ዶሮ አይደለም። ዶሮ ቤቷ ጠበበኝ ብላ አቤት ማለት አትችልም፤ ሰው ይችላል። ከዶሮ ቤቱ ወደ ሰው ቤት የሚሻገር ነገር ካለ አንድ ልማድ ብቻ ነው። ጠብ በተነሣ ቁጥር «ማን ጀመረው?» ብሎ መጠየቅ ይቀናናል፤ «ቤቱ ስንት ካሬ ነው? መኖው ለስንት ይበቃል?» የሚለው ጥያቄ ግን ዘግይቶ ይመጣል፤ ወይም አይመጣም። መልሱ ቤቱን የሠራውን ሰው ስለሚነካ ነው።

ሪፖርቱ ምን ይቁጠር?

በዶሮ ልማቱም ቤቱን የሠራው ሰው መነካት አለበት። በየመድረኩ የሚነገረው የተሠራጨው የዶሮ ቁጥር ነው። ይህን ያህል ሺህ ቄብ ተሰጠ፣ ይህን ያህል ማኅበር ተደራጀ ይባላል። ቄብን ማስረከብ ግን የሥራው መጀመሪያ ነው። ከዓመት በኋላ ስንቷ በሕይወት አለች? ስንቷ ላባዋ ሙሉ ነው? ይህ ሲቆጠር አይሰማም።

ማስተካከሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዶሮ ከመታደሉ በፊት ቤቱ በሜትር ይለካ፤ ለአሥር የሚበቃ ቤት ያላት ሴት አሥር ትውሰድ፣ ሃያ አምስት አይጫንባት። ከዶሮው ጋር የመኖው ምንጭ አብሮ ይታሰብ። ሚዛን ላይ የግብርና ኮሌጅ አለ፤ ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም በዚያው አገር ነው። ለዝናባማና ሞቃት ቡና አገር የሚሆን፣ በአካባቢው እንጨትና ጭድ የሚሠራ የዶሮ ቤት ንድፍና ከአካባቢው እህል የሚቀመም መኖ ከእነሱ ቢጠበቅ የበዛ ነገር አይደለም። የቀበሌው የግብርና ባለሙያም ለክትባት በመጣ ቁጥር የዶሮዎቹን ጀርባ ቢያይ በቂ ነው። ጀርባ የተላጨ ዶሮ ካየ፣ ከአሥር ቀን በኋላ የሚሆነውን ከአሁኑ ያውቃል።

እስከዚያው ግን በየጓሮው ያለ አርቢ ነገ ጠዋት ያለማንም ፈቃድ የሚያደርገው ነገር አለ። አንድ እቅፍ ጎመን ቆርጦ በገመድ ያንጠልጥል፤ ሁለተኛ የመኖ ገንዳ ሌላ ጥግ ላይ ያኑር፤ ከዚያ በዝምታ ሩብ ሰዓት ቁጭ ብሎ ማን ማንን፣ የት ላይ እንደሚነቁር ይመልከት።